ስልሳ ሜትር ጥላ

፩

ተሳስቻለሁ።



፪

ያችን ከላይ ያለችውን አንድ ቃል ለመጻፍ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። አሁን ወጥታልኛለችና ወደ ደስታው እንሂድ። ይኼ ጽሑፍ አንድ ስህተት ቢኖርበትም አብዛኛው ስለ ሳይክል ነው። ስለ ሳይክል የሚያወራ ሰው ደግሞ ፊቱን አጨፍግጎ መጀመር የለበትም።

የዝና እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ስሙን ባልጠራው ቅር የማይለው አንድ የግል ድርጅት ቀጥሮኝ የይዞታ ካርታ እሥላለሁ። ከሰማይ የተነሣ የከተማዋ ፎቶ ስክሪኔ ላይ ይዘረጋል፤ እኔ በማውስ አጥር አጥሩን እየተከተልኩ የያንዳንዱን ግቢ ድንበር አሰምራለሁ። በቀን ስልሳ ግቢ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ግማሽ ከተማ አጥሬያለሁ፤ የራሴ የምለው አንድ ካሬ መሬት ግን የለኝም፣ ተከራይ ነኝ። ይኼን ለአከራዬ ስነግራት በሳቅ ልትሞት ነበር።

ጽሑፉን በቁጥር የከፋፈልኩት ሥራዬ ስላስለመደኝ ነው። እኛ ቢሮ ቁጥር የሌለው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል።



፫

ዐይን።

በመጀመሪያ ያቃጥለኝ የነበረው ግራው ብቻ ነው። ቀኙም ብዙ አልቆየም፣ ተከተለው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስለኛል። ቤት ገብቼ ስጨፍነው የማየው መስመር ነው፤ ቢጫ መስመር፣ ጥግ፣ መስመር፣ ጥግ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ከፊቴ የነበረችውን ሴትዮ የነጠላ ጥለት በዐይኔ ሳሰምር ራሴን ያዝኩት። ደነገጥኩ።

ሐኪሙ "በየሃያ ደቂቃው ቀና በይና ራቅ ያለ ነገር ተመልከቺ" አለኝ። በእኛ ቢሮ መስኮት ራቅ ያለ ነገር ማለት የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። አራት ሜትር። ለክቼዋለሁ።

ስለዚህ ራቅ ያለውን ነገር ፍለጋ ሳይክል ልገዛ ሄድኩ።



፬

ንግግር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጋሽ ታከለ ዘንድ። ጋሽ ታከለ ሳይክል ጠጋኝ ናቸው። መሥሪያቸው ቤት አይደለም፤ ከግቢያቸው አጥር እስከ አስፋልቱ ዳር የተወጠረ ሰማያዊ ላስቲክ ነው። (ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ጠባዩ ግን ይኼው ነው።)

ጋሽ ታከለ፦ ሳይክል ትችያለሽ?

እኔ፦ አልችልም።

ጋሽ ታከለ፦ ታዲያ ምን ልታደርጊበት ነው?

እኔ፦ ዐይኔን ላሳርፍበት።

ጋሽ ታከለ፦ (ብዙ አዩኝ) የዐይን ሐኪሙ ወዲያ ማዶ ነው፣ ልጄ።

እኔ፦ እሱ ነው የላከኝ።

ጋሽ ታከለ፦ እዚህ ከተማ እየኖርሽ በዚህ ዕድሜሽ ሳይክል አለመቻል! የት ነው ያደግሽ?

እኔ፦ ደብረ ታቦር። ዳገት ነው።

ጋሽ ታከለ፦ ዳገት ካለ ቁልቁለትም አለ። ሰበብ አታድርጊው።

ከሦስት የሞቱ ሳይክሎች አንድ ሕያው ሠሩልኝ። አካሉ የአንድ ጡረተኛ መምህር ነበር፤ ጎማዎቹ የአንድ ነጋዴ፤ መሪው ግን የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አይነግሩኝም። አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ከዚያ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ መቀመጫውን ከኋላ ይዘው ሦስት ቅዳሜ ሮጡልኝ።

"ጎማውን አትዪ! ወደምትሄጂበት እዪ!"

ይኼን ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዕድሜ ልኬን አፍንጫዬ ሥር ያለውን ሳይ ነው የኖርኩት። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀና ብዬ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሐይቅ አየሁ፤ ዞር ስል ጋሽ ታከለ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ወገባቸውን ይዘው ያለከልካሉ። ለካ ከለቀቁኝ ቆይተዋል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይክል አልናፈቀኝም ነበር። አሁን ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እግሬ ጠረጴዛው ሥር ፔዳል ይረግጣል።



፭

መመሪያ፦ ከወንበር ወደ ሳይክል

(ይኼን የሚያነቡት ስክሪን ላይ ከሆነ ለእርስዎ የተጻፈ ነው።)

ሥራዎን ሴቭ ያድርጉ። ደግመው ሴቭ ያድርጉ፤ መብራት ይሄዳል።

ይነሡ። ጉልበትዎ ቢንቋቋ አይደንግጡ።

"ወዴት ነው?" የሚል ባልደረባ አይጠፋም። "ወዴትም" ይበሉ። እውነት ነው።

ቀሚስ ለብሰው ከሆነ ጫፉን ሰብስበው ይቋጥሩ። የፔዳሉ ካቴና ቀሚስ ይበላል፤ የእኔን ሁለት በልቷል።

ጎማውን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይመርምሩ። ከዚያ ይውጡ። የመጀመሪያዎቹ አሥር የፔዳል ዙሮች ገና የቢሮ ናቸው፤ ስለ አለቃዎ ያስባሉ። አሥራ አንደኛው የእርስዎ ነው።

ራቅ ያለ ነገር ይፈልጉ።

ይመልከቱት።



ይመልከቱት።



፮

ምስጋና (ቅደም ተከተል የለውም)

ባሕር ዳርን ሜዳ አድርጎ ለፈጠራት። ለዘንባባዎቹ፤ በሥራቸው ሳልፍ ጥላቸው ፊቴ ላይ በራ ጠፋ ስለሚል። ለአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ። ለሐይቁ ሽታ፣ ከሐይቁ ወጥቶ ለሚጠበሰው ዓሣም ሽታ። ለባጃጅ ሾፌሮች፤ እስከ ዛሬ ስላልገጩኝ (ለሁሉም አይደለም)። ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ላለችው ትንሽ ቁልቁለት፤ እግረኛ ቁልቁለት አይላትም፣ ሳይክል ግን ያውቃታል። ለሚያመኝ ጭኔ፤ ከዐይኔ ሌላ የሚያመኝ ቦታ እንዳለኝ ስላስታወሰኝ። ለንፋስ። ሳልፍ "አይዞሽ በርቺ!" ላሉኝ የማላውቃቸው ሴቶች፤ ሲያሾፉብኝ ይሁን ሲያበረታቱኝ ባላውቅም በርትቻለሁ። ከጥር ወዲህ ላልገዛሁት የዐይን ጠብታ። ለጋሽ ታከለ። ለጋሽ ታከለ ደግሜ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ስጽፍ ይኼን ዝርዝር ልሰርዘው ነበር። ግን እውነት ነው፤ ይቆይ።



፯

ክፍተት።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ብቻ ይወቁልኝ፤ ሌላው አሰልቺ ነው። ካርታ የምንሥልበት ፕሮግራም ክፍተት አይወድም። ጎን ለጎን ያሉ ግቢዎች ድንበራቸው መገጣጠም አለበት። በመሀል ባዶ ቦታ ከቀረ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ያለበት ፋይል ደግሞ አይላክም። ባዶው ቦታ መንገድ መሆኑ በፎቶው ላይ ከታየ መንገድ ብለን እንመዘግበዋለን፣ ቀዩ ይጠፋል። ዛፍ ከሸፈነው ግን ምን እንደሆነ አይታይም። ያን ጊዜ አንዲት ቁልፍ አለች። ስትጫን ክፍተቱ ወደሚቀርበው ግቢ ይጠቃለላል። ሁለት ሰከንድ።

የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ሳይክሉ ውጭ ለሚጠብቀው ሰው ሁለት ሰከንድ ጥሩ ነገር ነው።*

* እውነቱን ለመናገር መስክ ወርዶ ማየትም ይቻላል። ቅጽ አለው። ሊወጣ አምስት ደቂቃ የቀረው ሰው ግን ስለ ቅጽ ትዝ አይለውም።



፰

ረቡዕ፣ ግንቦት ውስጥ፣ የምሳ ሰዓት። ፍሬኔ አልይዝ ብሎ ጋሽ ታከለ ዘንድ ሄድኩ። አጠበቁልኝ።

"በይ ሞክሪው" አሉ። "አስፋልት ላይ ግን አትውጪ፤ ባጃጁ አይታመንም። በመንገዷ ግቢና ሞክሪ።"

በአገጫቸው ከላስቲኩ ጀርባ አመለከቱኝ። ሁለት ዓመት ስመላለስ የመጣሁት በአስፋልቱ በኩል ብቻ ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ የግቢያቸው ጓሮ ይመስለኝ ነበር። አፉ ላይ አዲስ የተራገፈ የግንብ ድንጋይ ተቆልሏል። ዞሬው ገባሁ።



፱

ጥላ።



፲

እንዴት ልንገርዎት! በግንቦት፣ በሰባት ሰዓት፣ ውጭ አስፋልቱ እየቀለጠ፣ እዚያ ውስጥ ግን ቀዝቃዛ ነው። በቀኝም በግራም አጥር፣ በላይ የጋሽ ታከለ የማንጎ ዛፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቃቅፈዋል። መሬቱ በእግር ብዛት ተደልድሎ ለስልሷል። ጎማዬ ድምፅ የለውም። አንድ የበሰለ ማንጎ ከኋላዬ ዱብ ሲል ሰማሁ። ስልሳ ሜትር ያህል ነው፤ መለካት አልተውም። ሁለት ሜትር ተኩል ይሰፋል። ፍሬኑን መሞከር ረስቼ መጨረሻው ላይ ካለ የቆርቆሮ በር ጋር ልላተም ስል ነው የያዝኩት።

በሩ ክፍት ነበር። አንዲት አሮጊት ደጁ ላይ ተቀምጠው ከደንገል ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ከሐይቁ ዳር የታጨደው ደንገል በነዶ በነዶ ከአጠገባቸው ተከምሯል።

"ማን ነሽ አንቺ?"

"ፍሬን እየሞከርኩ ነው፣ እማማ።"

"ያዘልሽ?"

"ያዘ።"

"እንግዲያው ነይ ማንጎ ብዪ። ታከለ ዛፉ የኔ ነው ይላል፤ የሚወድቀው ግን እኔ ደጅ ነው።"

እማማ ዘርፌ ይባላሉ። ማንጎዬን እየመጠጥኩ በየት በኩል ወደ ገበያ እንደሚወጡ ጠየቅኳቸው። "በዚችው ነዋ፤ ከኋላዬ የሰው ግንብ፣ ከጎኔ ረግረግ። ሌላ በር የለኝም" አሉኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ገባሁ፤ ደግሞ ወጣሁ፤ ደግሞ ገባሁ። እማማ ዘርፌ "አሁንም አልያዘልሽም?" እያሉ ሳቁብኝ። በዚያ ዓመት ከነዳሁባቸው መንገዶች ሁሉ ያማረው ያ ነበር።



፲፩

ከምሳ ተመልሼ ያንን መንገድ ከላይ ሆኜ ላየው ፎቶውን ከፈትኩ። ሰው የራሱን ቤት ጣራ እንደሚፈልገው ማለት ነው፤ ለደስታ ብቻ። ፎቶው ላይ የማንጎ ቅጠል ብቻ አለ። ካርታው ላይ ደግሞ መንገድ የሚባል የለም። የማንጎዎቹ መስመር በሙሉ የአንድ ግቢ አካል ሆኗል። የግቢውን መዝገብ ከፈትኩ።

የግቢ ቁጥር፦ 0417
ባለይዞታ፦ ታከለ መኩሪያው
የተፈጸመ ተግባር፦ ክፍተት ተዘግቷል
የተጨመረ ስፋት፦ 150 ካሬ ሜትር
ቀን፦ የካቲት 14
ሰዓት፦ 11፡26
የሠራው፦ የዝና

እጅ ከፍንጅ።



፲፪

ይኼ ምን ማለት እንደሆነ በአጭሩ። ካርታው በቀበሌው አዳራሽ ለሠላሳ ቀን ተለጥፏል። ተቃውሞ ያለው ሰው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ያቀርባል። ሠላሳኛው ቀን ዓርብ ነው፤ አዳራሹ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ይጸድቃል። ከጸደቀ ያ መንገድ የጋሽ ታከለ ግቢ ነው፤ በማግሥቱ ግንብ ቢያቆሙበት ከልካይ የላቸውም፣ እማማ ዘርፌም መውጫ የላቸውም።

የተቆለለው ድንጋይ ትዝ አለኝ።



፲፫

ንግግር። ሐሙስ ጧት፣ ቢሮ። አቶ ቢያድግልኝ የጥራት ተቆጣጣሪያችን ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዐይናቸውን እሳቸውንም ያማቸዋል።

እሳቸው፦ ተቃውሞ ቀርቧል?

እኔ፦ አልቀረበም።

እሳቸው፦ እንግዲያው ስህተት የለም።

እኔ፦ መንገድ ነው። በሳይክል ሄጄበታለሁ።

እሳቸው፦ ሳይክል የመረጃ ምንጭ ሆኖ አልተመዘገበም።

እኔ፦ ሴትዮዋ ሌላ መውጫ የላቸውም።

እሳቸው፦ ስሚ የዝና። ከተለጠፈ በኋላ የተገኘ ስህተት በሠሪው ስም ነው የሚያዘው። አንቺ ሁለት አለሽ። ሦስተኛ ከመጣ በሰኔ ውሏ ይታደስ ብዬ ልሟገትልሽ አልችልም።

እኔ፦ አውቃለሁ።

እሳቸው፦ ዝም አይነቅዝም።

እኔ፦

እሳቸው፦ (መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ፤ ከዚያ መሳቢያቸውን ከፈቱ) ይኼ የተቃውሞ ቅጽ ነው። ባለይዞታዋ ይፈርማሉ፣ ተዋሳኙም ይፈርማል። ተዋሳኙ ካልፈረመ ፍርድ ቤት ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። ቅጹን ከኔ አልወሰድሽም።

ተዋሳኝ ማለት ድንበር የሚጋራ ጎረቤት ነው። ማለትም መሬቱን ያገኘው ሰው። ማለትም ጋሽ ታከለ።



፲፬

ሐሙስ፣ የምሳ ሰዓት። በጥላው ሥር እንደገና። በዚህኛው ጊዜ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ ደስ ማለቱ አሳፈረኝ እንጂ።

"ካርታውን አላዩትም እንዴ እማማ?"

"አየሁት እንጂ! አዳራሽ ድረስ ሄጄ። የኔ ደኅና ነው። አራቱም ማዕዘን ልክ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ እያሳየችኝ በጣቴ ዞርኩት።"

"መንገዱስ?"

"መንገድ ምን ብዬ ልይ? መንገድ የሰው አይደለ።"

ልክ ናቸው። ሁሉም ሰው አዳራሹ ገብቶ የራሱን ግቢ አይቶ ወጥቷል። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ያጠፋሁት እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። የያዙትን ደንገል አስቀመጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማሩት ትልልቅ ፊደል ስማቸውን ጻፉ።

"ታከለን ማን ይጠይቀዋል?" አሉ።

"እርስዎ ቢጠይቋቸውስ?"

"እኔ?" ቀና አሉ። "ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከለ እሱ ነው። ወረቀት ይዤ ደጁ ልቁም? ቢዘጋውም እንኳ በወረቀት አልጠይቀውም። በወረቀት ከተነጋገርን ከዚያ ወዲያ ጎረቤት አይደለንም።"

"እኔስ?"

"አንቺማ መንገደኛ ነሽ።"



፲፭

ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። እዚህ ቁጥር ላይ ጭንቀቴን ልጽፍ ነበር። ላለመናገር የሰበሰብኳቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ልደረድር ነበር፦ ውሌ፣ የቤት ኪራዬ፣ "ማን አየሽ"፣ "ማን ጠየቀሽ"፣ ከሁሉም በላይ ጋሽ ታከለ። በከተማው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ባለውለታዬ እሳቸው ናቸው። ላመሰግናቸው ይገባኛል፤ እኔ ግን ያገኙትን ልቀማ ነው።

ግን ያን ምሽት ሳይክል ነዳሁ። በሐይቁ ዳር ሄጄ፣ በዘንባባዎቹ ሥር ዞሬ፣ እስከ ድልድዩ ወርጄ፣ ተመለስኩ። አሥራ አንደኛው የፔዳል ዙር ላይ እንደ ሁልጊዜው ጭንቅላቴ ጸጥ አለ። ውሃው ብርቱካናማ ነበር። አንድ ሰው ታንኳውን እየገፋ ወደ ዳር ይመጣል፤ ከሩቅ አየሁት፣ በደንብ አየሁት፣ ዐይኔን ምንም አላመመኝም። አመሰገንኩ። ማንን እንደሆነ ሳልለይ አመሰገንኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ራቴን በልቼ ተኛሁ። ጭንቀቱ ዓርብ ጧት ሲጠብቀኝ አገኘሁት።



፲፮

ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ተኩል። ለአለቃዬ "ሆዴን አሞኛል" ብዬ ወጣሁ፤ አመኑኝ ወይም ሊያምኑኝ ፈለጉ። ጋሽ ታከለ አንድ ሳይክል ገልብጠው፣ የጎማውን ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

"ደግሞ ምን ሆነ?" አሉ ሳይክሌን እያዩ።

"ምንም አልሆነ። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።"

"በምን?"

"በሁሉም። በሳይክሉ። ከኋላዬ ስለሮጡልኝ። ዐይኔ ድኗል ጋሼ።"

"ሰው ምስጋና ሲያበዛ ሊጠይቅ ነው። በይ አምጪው።"

ቅጹን ሰጠኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ደገሙት። ውሃው ውስጥ የቀረው ካላማዳሪ ብቻውን አረፋ ይተፋል።

"አይቼዋለሁ" አሉ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ካርታውን። የተለጠፈ ዕለት ነው ያየሁት። ቁጥሬን አገኘሁት፤ ሰፍቷል። ተሳስተው ይሆን ብዬ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት።" ላስቲኩን ቀና ብለው አዩ። "ሃያ ሁለት ክረምት እዚህ ሥር ተደበደብኩ፣ የዝና። መፍቻዬ ሁሉ ዝጓል። ግቢዬ ጠባብ ነው። አንዲት ክፍል፣ አንዲት ብቻ፣ ብዬ እግዜርን ስለምን ኖሬያለሁ። እግዜር ሰማኝ አልኩ። ባለፈው ሳምንት ድንጋይ አስመጣሁ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር።

"እግዜር አይደለም ጋሼ" አልኳቸው። "እኔ ነኝ።"

አዩኝ።

"መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የካቲት አሥራ አራት፣ ልወጣ አራት ደቂቃ ሲቀረኝ። በዚህች ሳይክል ልሄድ ቸኩዬ።"

ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ አወጡ።

"ይኼ ባይፈረም ምን ትሆኛለሽ?"

"ምንም። እንዲያውም ይሻለኛል።"

"ቢፈረምስ?"

"ስህተቱ በስሜ ይያዛል። በሰኔ ውሌን ላያድሱልኝ ይችላሉ።"

"ታዲያ ምን ነክቶሽ ነው?"

ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሕግ፣ ስለ እውነት። ሁሉም ጠፋብኝ። "ረቡዕ 'በመንገዷ ሞክሪ' ብለው የላኩኝ እርስዎ ነዎት" አልኩ። "ሄድኩባት። ጥሩ መንገድ ናት።"

ወደ ድንጋዩ ክምር ሄደው ተቀመጡበት። በአስፋልቱ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ። ሰዓቴን እያየሁ እንዳልመስል እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

"ዘርፌ ምን አለች?"

"እርስዎን በወረቀት አይጠይቁም።"

"እህ?"

"'ቢዘጋውም አልጠይቀውም' ነው ያሉኝ።"

"እንዲህ አለች?"

"እንዲህ አሉ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ እኮ ወር ሙሉ ስጠብቃት ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። "ትመጣለች፣ ትጮኽብኛለች አልኩ። ብትጮኽብኝ እኔም እጮኻለሁ፤ በዚያው ንዴት ግንቡን እጀምራለሁ አልኩ። በየጧቱ 'ታከለ እንዴት አደርክ' ብላኝ በዚች በኩል ታልፋለች። በድንጋዩ ዙሪያ። 'ምንድን ነው ይኼ ድንጋይ' እንኳ አላለችኝም።"

ከድንጋዩ ተነሡ።

"እስክሪብቶ" አሉ።

ወረቀቱን የሳይክሌ መቀመጫ ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ከፊርማቸው ጎን የቅባት አውራ ጣት ቀረ። ማመስገን ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም፣ አለቀስኩ።

"ተይ እንግዲህ" አሉ። "ይኼስ ባዶው?"

ዐይኔን ጠርጌ አየሁት። "'ተዋሳኙ የሚሉት ካለ' ይላል።"

"የግድ ነው?"

"ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ አይቀበሉም።"

"እንግዲያው አንቺ ሙዪው።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ የምለውን ፈርሜዋለሁ። የቀረውን እንደሚሆን አድርገሽ ጻፊው፤ ሥራሽ አይደል?" ወደ ውሃው ጎንበስ አሉ። "ሂጂ፣ ይዘጋብሻል። ደግሞ ጎማውን አትዪ።"



፲፯

አሁን እኔን ሆነው ይቁሙልኝ።

ዓርብ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ከጋሽ ታከለ ላስቲክ እስከ አዳራሹ በር አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ በስምንት ደቂቃ መጥተዋል። ላብ በጀርባዎ ይወርዳል። ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወረቀቱን መቀመጫው ላይ ዘርግተዋል። በመስኮቱ በኩል ጸሐፊዋ መዝገቧን ስትሰበስብ ይታያል፤ ቁልፉን አንሥታለች። "እየመጣሁ ነው!" ብለው ጮኸዋል፤ "ቶሎ በይ!" ብላለች።

ሃያ ሁለት ክረምት አንዲት ክፍል ሲመኝ የኖረ ሰው ያገኛትን ሲመልስ ምን እንደሚል ከእኔ እኩል ያውቃሉ። የጻፍኩልዎትን ሁሉ አንብበዋል። እስክሪብቶው እጅዎ ላይ ነው።

የተቃውሞ ቅጽ

ባለይዞታ፦ ዘርፌ አጥናፉ (ፈርመዋል)

ተዋሳኝ፦ ታከለ መኩሪያው (ፈርመዋል)

ስህተቱን የፈጸመው ባለሙያ፦ የዝና ፈለቀ

የተሳሳተው፦ መንገድ ሆኖ ሳለ በግቢ ተጠቃሏል

ተዋሳኙ የሚሉት ካለ፦